የእኛ «አይጥ» ምንድን ነው? አናኮስቲያ ሙዚየም ደርሼ መጥቼ

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እሁድ ማታ

ቤቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ትናንት ልጆቼን ይዤ አናኮስቲያ ሙዚየም ሄድኩ። ዲሲ ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው። የስሚዝሶኒያን (የመንግሥት ገንዘብ ያለው የሙዚየሞች ድርጅት) ናት፤ ግን ናሽናል ሞል (መሃል ዲሲ ያለው የሙዚየሞች ሜዳ፣ ገበያ አይደለም) ላይ እንዳሉት እህቶቿ ግዙፍ ዓምድና ደረጃ የላትም። ኮረብታ ላይ፣ ዛፍ መሃል የተቀመጠች ቤት ናት። መግቢያዋም በነፃ። እዚህ አገር 17 ዓመት ስኖር አንድ ቀን ረግጫት አላውቅም። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የማዞረው የታወቀ ነው፤ ዋይት ሐውስ፣ ሊንከን፣ የአየርና የጠፈር ሙዚየም፣ ከዚያ ክትፎ።

የሄድነው ለጁንቲንዝ ነው። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት ሰምታ መጥታ ነዘነዘችኝ። ለማታውቁት፣ ባሪያዎች ነፃ ናቸው የሚለው የሊንከን አዋጅ የወጣው ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ቴክሳስ፣ ጋልቨስተን ላይ ግን ወታደር ገብቶ ያስታወቀው ጁን 19 ቀን 1865 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ! በዓሉ የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው። በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ቀን የሆነው ደግሞ ገና በ2021። ልጄ መኪና ውስጥ «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ሲያሠሯቸው ነበር?» አለችኝ። አዎ ከማለት ውጪ ምን ልበላት።

ስንደርስ ከበሮ ይመታል። ልጆች ጠረጴዛ ዙሪያ ተኮልኩለው ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ታጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስላደጉበት መንገድ ያወራሉ፤ ማን ጎረቤት እንደነበር፣ የቱ ሱቅ ዱቤ ይሰጥ እንደነበር። ልጆቼ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ሰሙ። የእኔ ልጆች! አምስት ደቂቃ የማይቀመጡት! «ክቡራን እንግዶቻችን» ብሎ አርባ ደቂቃ የሚያደርቀን ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ ስም ይጠራራል። እኛንም ማንም «እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?» አላለንም።

ስመለስ ያለፈውን እንቁጣጣሽ አስታወስኩ። አዳራሽ ተከራይተን፣ ትኬት ተቆርጦ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ተጀመረ። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። ልጆቼ ሁለት ወንበር ገጥሜላቸው፣ ነጠላ አልብሻቸው ተኙ። አበባ ሥለው ለማደል ያዘጋጁት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ተጣጥፎ ተመለሰ። ማንን ልውቀስ? እኔም አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ።

ጥያቄዬ ይኸው። መጪውን እንቁጣጣሽ አንድ ትንሽ ክፍል አግኝተን፣ ለአንድ ቀን የሰፈር ሙዚየም ብናደርገውስ? አብሮኝ የሚያብድ አለ?

---

ዋናው ጉዳይ
እሁድ ማታ

ፓርኪንግ አለ? ምግብስ?

---

የሁለት ልጆች እናት

ሙዚየሙ ጋ ነው ወይስ እኛ ጋ? ሙዚየሙ ጋ አለ። እኛ ጋ ገና ክፍሉም የለም እኮ!

---

ባለታክሲው
ሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽው። እኔ ታክሲ የጀመርኩት በ1986 ነው። ያኔ ሙዚየሙ ኮረብታው ላይ አልነበረም። ታች ዋናው መንገድ ላይ፣ አሁን ማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና የሚባለው ላይ፣ ድሮ ሲኒማ በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። ካርቨር ይባል ነበር ሲኒማው። ወደ ላይ የወጣው በ1987 ነው።

ያኔ ብዙ ባለታክሲ ወንዙን አልሻገርም ይል ነበር። እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ግን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ጫንኩ። በዚያ ሲኒማ ቤት ስናልፍ «አቁምልኝ፣ ቆጣሪው ይቁጠር» አሉኝ። ሙዚየሙ የተከፈተ ቀን እዚያ እንደነበሩ ነገሩኝ። ማርሽ ባንድ መጥቶ፣ ጃዝ ተመቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ። ቤቱ ሙዚየም ከመሆኑ በፊት ሲጠርጉትና ሲያድሱት የሰፈሩ ሰዎች አብረው እንደሠሩ ነገሩኝ። ውስጡ ደግሞ አንድ የጠፈር መንኮራኩር ነበር፤ የሜርኩሪ ፕሮጀክት የሚሉት። በ1890ዎቹ የነበረ የሰፈር ሱቅ አስመስለው ሠርተው፣ ዕቃውን ልጆች እየነኩ ይጫወቱበት ነበር። ጥግ ላይ ትንሽ የእንስሳት ማቆያ፣ ዝንጀሮ ሳይቀር። ሽማግሌው «ልጄ ጠፈር ደርሶ መጥቷል» ብለው ሳቁ።

ቀኑን በኋላ አገኘሁት፤ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1967። ወደ እኛ ስመልሰው መስከረም 4 ቀን 1960 ሆነ። ሳያውቁት እንቁጣጣሽ ገና ሳትበርድ ነው የከፈቱት!

---

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ እጄን በአፌ አስጫኑኝ። መስከረም 4! ይኼን ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። ቆጣሪው ስንት ቆጠረ ግን?

---

ባለታክሲው

አላስከፈልኳቸውም። ለሚስቴ ግን አልነገርኳትም።

---

ጠርጣሪው
ሰኞ ከሰዓት

ደስ ይላል፣ ግን ነገሩን እንየው። ስሚዝሶኒያን የመንግሥት ገንዘብ አለው። እናንተ ያላችሁ ዕቁብ ነው፤ እሱም ሰው ቀድሞ በልቶ የሚጠፋበት። ደግሞ እነሱም ቢሆኑ ትልልቁን ሁሉ ሞሉ ላይ ገትረው፣ ለድሃው ሰፈር አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ዝንጀሮና ከበሮ ሰጥተው ሰውን ዝም ማሰኘት ነው። ሙዚየም ማለት ለእኔ የሞተ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። በዓል ደግሞ በዓል ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

---

መዘክር
ሰኞ ማታ

ጠርጣሪው፣ ግማሹን እውነት ነው ያልከው። እኔ የሙዚየም ትምህርት ነው የተማርኩት፤ አሁን የምሠራው ግን ሌላ ነው (ኪራይ አለ)። ስለዚህች ቤት ግን ክፍል ውስጥ ሁሌም ይነሳ ነበር።

ሐሳቡን ያመጡት የያኔው የስሚዝሶኒያን ኃላፊ ዲሎን ሪፕሊ ናቸው። ሰው ሞሉ ድረስ ካልመጣ እኛ እንሂድበት ነበር ነገሩ። አንተ እንዳልከው ሲጀመር ቅርንጫፍ ነበር የታሰበው። የለወጠው የተሾመው ሰው ነው። ጆን ኪናርድ ይባላል። ቄስ ነበር፤ 30 ዓመት ገደማ። ሙዚየም ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ምሥራቅ አፍሪካ ሄዶ ከወጣቶች ጋር ሠርቷል፤ ከዚያ ተመልሶ የሰፈር ሥራ። በ1989 እስኪሞት ድረስ ያችን ሙዚየም መራ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በ1969 አንድ ዐውደ ርእይ አሳዩ። ስለ ምን? ስለ አይጥ። ቀልዴን አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ቤታቸው ውስጥ ስላለው አይጥ አወሩ፤ ትልልቆቹ ሰሙ። ሙዚየሙም ቁም ነገር ብሎ ያዘው። ከነሕይወቱ አይጥ አምጥተው አሳዩ። እንዴት እንደሚራባ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቆሻሻው ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚከላከሉት። ሌላው ሙዚየም የነገሥታት ዘውድ ሲያሳይ እነሱ የጓዳቸውን አይጥ አሳዩ። ማነው የመጣው? በአይጥ የተቸገረው ሁሉ ነዋ!

በዓሎቹም እንዲሁ ናቸው። የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ፣ ኳንዛ (የጥቁር አሜሪካውያን በዓል)፣ ጁንቲንዝ፣ የሰፈሩ ሰው ልቡ ያለበት ነገር ስለሆነ ነው የሚከበረው። በዓሉ ለሙዚየሙ ጌጥ ሆኖ አልተጨመረም። ሰውየው ዛሬ ለከበሮው መጥቶ፣ ነገ የእናቱን ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። ሙዚየሙ ዕቃ የሚያገኘውም እንዲህ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ክፍል ከመፈለግሽ በፊት አንድ ጥያቄ። የእኛ አይጥ ምንድን ነው?

---

የሁለት ልጆች እናት

እንዴ! ይኼማ ርእስ ሆነ። ቀየርኩት።

---

ቀዝቅዞኛል

የእኔ አይጥ ቅዝቃዜ ነው። በየካቲት ሸራ ጫማ አድርጌ ነው ከአውሮፕላን የወረድኩት።

---

ስድስተኛ ፎቅ

እናቶቻችን። ልጅ እንዲጠብቁልን አምጥተናቸው፣ አፓርታማ ውስጥ ተቆልፈው ይውላሉ። እናቴ ሊፍት ውስጥ ብቻ ነው ሰው የምታገኘው። ሰላም ትላለች፤ ሰውየው ስልኩን ያያል።

---

ወረቀት ጠባቂ

ወረቀት። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሌላ አልጨምርም።

---

ዋናው ጉዳይ

የፓርኪንግ ቅጣት።

---

የ23 ኪሎ ልጅ

የእኔ ሻንጣ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። መጀመሪያ ስንመጣ ውስጡ ምን ነበር? በርበሬ፣ ሽሮ፣ የአያቴ መስቀል፣ አንድ የማይሠራ ሬዲዮ። ሬዲዮውን ለምን እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም። ኤግዚቢሽን ከሆነ እኔ ሻንጣውን ከነሚዛኑ አመጣለሁ። አልጣልኩትም፤ ቤዝመንት ነው ያለው።

---

ባለታክሲው
ማክሰኞ ሌሊት (እንቅልፍ እምቢ አለኝ)

መዘክር፣ የጠየቅከው ጥያቄ አላስተኛኝም። ሳስበው የእኔ አይጥ የልደት ቀን ነው።

ከሙዚየሙ ብዙ ሳይርቅ፣ እዚያው አናኮስቲያ፣ ባርነትን የታገለው የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት አለ። ሲዳር ሂል ይሉታል። ከ1878 ጀምሮ በ1895 እስኪሞት እዚያ ኖረ። ቱሪስት እየወሰድኩ ውጪ ስጠብቅ፣ አንድ ቀን «ግባና እይ» ተባልኩና ገባሁ። ምን ሰማሁ መሰላችሁ? ሰውየው የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር። ባሪያ ሆኖ ስለተወለደ ማን ይጻፍለት? ስለዚህ ራሱ መረጠ፤ ፌብሩዋሪ 14። ይኸው እስከ ዛሬ በየፌብሩዋሪው እዚያው ቤቱ ልደቱን ያከብሩለታል።

እኔም አላውቀውም። እናቴ «ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ ዝናቡ የከበደ ለት» ትለኝ ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ፎርም የሚሞላው ሰውዬ ይኼን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ከዚያ ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። ከእኔ ኋላ የተሰለፉትም በሙሉ ጃንዋሪ 1። ይኸው አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ፈረንጁ ርችት ሲተኩስ ልጆቼ «አባዬ ለአንተ ነው» ይሉኛል።

---

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

---

ስድስተኛ ፎቅ

እናቴም ጃንዋሪ 1 ናት። አባቴም። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቀን ተወልደው ተጋቡ ብሎ ያዳመጠን የኢሚግሬሽን ሰውዬ ሳቀ፤ እኛም አብረነው ሳቅን።

---

ቤልቪል ያለሁት
ማክሰኞ

ሰላም ከኬፕታውን። ቤልቪል ሱቅ አለኝ። ነገሩ ሲነሳ ዝም ማለት አቃተኝ።

እዚህ የዲስትሪክት ስድስት ሙዚየም የሚባል አለ። ከዲሴምበር 1994 ጀምሮ አሮጌ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሰፈሩን የአፓርታይድ መንግሥት በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1966 «የነጮች ነው» ብሎ አወጀው። ከዚያ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አፈናቅሎ በዶዘር ደመሰሰው። ቤተ ክርስቲያን ግን ስላልነኩ ያቺ ቤት ቀረች።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የሚገርመው ወለሉ ነው። ወለሉ ላይ የድሮው ሰፈር ካርታ ተስሏል፤ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች መጥተው ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል። እኔ ስሄድ አንድ አዛውንት በጉልበታቸው ተንበርክከው ጣታቸውን መንገዱ ላይ እያስኬዱ ነበር። የድሮዎቹ የመንገድ ስም ሰሌዳዎችም ከላይ ተሰቅለዋል። አፍርስ የተባለው ሠራተኛ ራሱ ሳይጥላቸው ለዓመታት ደብቆ አቆይቷቸው ነው።

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 የድሮ ነዋሪዎች ከሙዚየሙ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ሰፈሩ በነበረበት ሜዳ ላይ ድንጋይ ይከምራሉ። ድንጋይ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ትመለሳለህ። አለቀ። እኔ አንዴ ደንበኛዬ ይዛኝ ሄጄ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ምን አገባኝ እኔ? የባሌ ልጅ ነኝ! ግን አስቀመጥኩ።

---

የካዛንቺስ ልጅ
ማክሰኞ ማታ

ቤልቪል፣ ወለሉን ስታወራ እኔ የራሴን እየሳልኩ ነበር።

ካዛንቺስ በ2024 ሲፈርስ እኔ ቨርጂኒያ ሆኜ በቪዲዮ ጥሪ ነው ያየሁት። ስሙ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ድርጅት ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው። እኛ ግን ማን እንደሠራው ሳናውቅ ነበር የእኛ ነው ያልነው። እናቴ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ናት። ጎረቤት ተበታተነ። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ ሰው ሲሞት በሦስት ታክሲ እየመጡ ይቀብራሉ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ የት እንደሚቀመጥ ግን ሊስማሙ አልቻሉም።

ካርታ ከሠራችሁ ወፍጮ ቤቱን እኔ ነኝ የምሥለው። ማንም እንዳይነካብኝ።

---

አንበሳው

ኢትዮጵያ የምትል ሙዚየም ከሆነች መጀመሪያ ባንዲራው ይወሰን። የትኛው ነው የሚሰቀለው?

---

አወያይ

ከዚህ ቀጥሎ የነበሩትን 41 አስተያየቶች ወደ ሌላ ክር አዛውሬያቸዋለሁ። እዚያ ተቀጣቀጡ። እዚህ ስለ ሙዚየም ነው።

---

ጠርጣሪው
ረቡዕ

አያችሁ? ይኼን ነበር ያልኩት። ባንዲራ ሳይሰቀል 41 አስተያየት። ተሰቅሎማ ፖሊስ ይጠራል።

---

መዘክር

ስለዚህ አይሰቀል። አይጡ ዐውደ ርእይ ላይ ባንዲራ የነበረ አይመስለኝም።

---

የጀጎል ልጅ
ረቡዕ ማታ

«ዕቁብ ነው ያላችሁ» ለሚለው፤ ከሐረር ምሳሌ ልስጥ። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍን የማታውቁ ከሆነ እወቁ። የሐረርን ቅርስ በራሱ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ሙዚየሙ መጀመሪያ የገዛ ቤቱ ነበር። የድሮ የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ የተቀዱ የድሮ ሐረሪ ዜማዎች። አሁን የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ነው ያለው። የተበላሹ መጻሕፍትንም ይጠግናል። ሲጀምር ማንም አዳራሽ አልሰጠውም፤ ሰዉ ነው ቀስ በቀስ ያመነውና የአያቱን ዕቃ ያመጣለት።

አንድ ማሳሰቢያ። ሰው ዕቃ ሲሰጥ ነፍሱን ነው የሚሰጠው። እንዳታጠፉበት።

---

የሁለት ልጆች እናት
ሐሙስ

እሺ ቤቶች፣ ወሬው ወደ ሥራ ይግባ። ክፍል አግኝቻለሁ! የአፓርታማችን የጋራ ሳሎን። አርባ ሰው ይይዛል፣ ሲጠጋጋ ሃምሳ። በነፃ፤ ግን ራሳችን መጥረግ አለብን፣ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉ ይመለሳል። ዲጄ የለም ማለት ነው። አልቅሱ!

መዘክር፣ እንዴት እናድርገው? አንተ የተማርከው አለህ።

---

መዘክር

የተማርኩትማ ብዙው አይጠቅምም። የሚጠቅመውን ልንገርሽ።

ዕቃው ማታ እዚያ አይደር። ባለቤቱ ጠዋት ይዞት ይምጣ፣ ማታ ይዞት ይሂድ። መስታወት አያስፈልግም፣ ጠባቂም አያስፈልግም፣ ጠብም አይኖርም። ከሁሉ በላይ ባለቤቱ ከዕቃው አጠገብ ወንበር ይኑረው። አንቺ ያየሻቸው ሴትዮ ባይኖሩ ልጆችሽ የሚቀመጡ ይመስልሻል? ጀበና ብቻውን ጀበና ነው። ባለቤቱ ካለች ግን አንድ ሰዓት ያስቀምጥሻል።

ጽሑፉን ልጆቹ ይጻፉት። አማርኛው ቢንጋደድም ይንጋደድ። ልጁ ለመጻፍ መጀመሪያ አያቱን መጠየቅ አለበት፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ሁለት ወረቀት ይኑር፣ አማርኛና እንግሊዝኛ፤ የአናኮስቲያ ሴትዮዎችም እኮ መጋበዝ አለባቸው።

ወለሉ ላይ ትልቅ ወረቀት እንዘርጋ። ካርታው የአገር ካርታ አይሁን፤ አወያያችን ሥራ እንዳይበዛበት። ሁሉም ያደገበትን ሰፈር ብቻ ይሣል። ካዛንቺስ ወፍጮ ቤቱን ይሥላል፤ አንበሳውም የፈለገውን ይሣል፣ በራሱ ጥግ።

ወረቀት ጠባቂ ያለው ነገር ደግሞ ከባድ ነው። እሱን የሚመለከት ነገር ከተቀመጠ ስም አይጻፍ፣ ፎቶም አይነሳ። ይኼን በር ላይ በትልቁ እንለጥፋለን።

ምግቡን ግን ለእኔ እንዳትሰጡኝ።

---

ከኳንዛ መልስ

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ናት፤ ቤታችን ኳንዛ ይከበራል። በ1966 ማውላና ካሬንጋ የጀመረው በዓል ነው። ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1፣ ሰባት ሻማ፣ በየቀኑ አንድ። መጀመሪያ ሰሞን እኔ «በዓል እንዴት ይፈጠራል? በዓል ይወረሳል እንጂ» እል ነበር። አማቴ ምን አሉኝ? «የወረስነውን ወስደውብን ነበር፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» አፌን ዘጋሁ።

አሁን የእኛ ቤት የፈረንጅ ገና፣ ኳንዛ፣ የሐበሻ ገና ይከታተላሉ። ልጆቼ ጃንዋሪ 7 ሲደርስ በዓል ሰልችቷቸዋል፤ ዶሮ ወጡን ግን አይሰለቹም። ባለታክሲው፣ ለርስዎ ልደት መፍጠር ምን ይከብዳል?

---

የሁለት ልጆች እናት
ሐሙስ ሌሊት

ከኳንዛ መልስ፣ አሁን ነው ነገሩ የተገናኘልኝ!

ስሙኝ። እንቁጣጣሽ ለት አንድ ትልቅ ኬክ እንገዛለን። አንድ ብቻ። ላዩ ላይ ስም አይጻፍበትም። ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተባለ ሰው ሁሉ አብሮ ይቆርሰዋል። ዳግላስ ራሱ ቀን መርጦ የለ? እኛም መስከረም 1ን እንመርጥላችኋለን። አጠገቡ አንድ ጠረጴዛ ይኖራል፤ እናቶቻችሁ ስለተወለዳችሁበት ቀን የነገሯችሁን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ። «ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ ዝናቡ የከበደ ለት።» የጋሼ መጀመሪያ ይቀመጣል።

---

ባለታክሲው

እኔ ኬክ አልበላም፣ ስኳር አለብኝ። ግን እቆርሳለሁ።

---

ስድስተኛ ፎቅ

የእናቴ፦ «አንበጣ የመጣ ዓመት፣ ጤፉ ሳይታጨድ።» ስጠይቃት አንድ ሰዓት ተኩል አወራችኝ። ልጄም ሲሰማ ነበር። ሊፍት ውስጥ ያን ያህል አውርታ አታውቅም።

---

የ23 ኪሎ ልጅ

የእኔ ጃንዋሪ 1 አይደለም፣ ግን ሻንጣውን አውጥቼ ጠረግኩት። ሬዲዮው ውስጥ አሁንም ባትሪ አለ። ዝጎ ተጣብቋል።

---

የሁለት ልጆች እናት
ዓርብ

ልጄ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጻፈች። እንዳለ ልገልብጠው፤ አላረምኩትም።

«ይህ የእማዬ ጀበና ነው። ከአዲስ አበባ መጣ። እጀታው የተሰበረው እኔ አራት ዓመቴ እያለ ነው። እማዬ አልተቆጣችም። ትንሽ ተቆጥታለች።»

---

ጠርጣሪው
ዓርብ ሌሊት

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥግ ላይ ትርፍ ጠረጴዛ አለ? ትልቅ አያስፈልግም።

የአባቴ የሱዳን የስደተኛ ካርድ አለኝ። ፎቶው ላይ ከእኔ አሁን ዕድሜ በአሥር ዓመት ያንሳል። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ፎቶ እንዳይነሳ። ማታ ይዤው እሄዳለሁ።

---

የሁለት ልጆች እናት

አለ። ወንበርም አለ፤ አንተ ነህ የምትቀመጥበት።

---

ጠርጣሪው

እሺ። እኔም ጃንዋሪ 1 ነኝ።

---

ወረቀት ጠባቂ

እኔም።

---

ቤልቪል ያለሁት

እኔም። ሩቅ ነው እንጂ እመጣ ነበር። ድንጋይ ልላክ?

---

ዋናው ጉዳይ

እኔም ጃንዋሪ 1። ፓርኪንግ ግን አለ?